ሃርድ ዲስኩ አላርፍ ላለ ኮምፒውተር፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት የሚሠሩ ደረጃዎች

ኮምፒውተሩን ታበሩታላችሁ። የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ አያርፍም። አንድ ፎልደር ለመክፈት ክሊክ ስታደርጉ ሰማያዊዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ታስክ ማናጀርን (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን መስኮት) ስትከፍቱ «ዲስክ» የሚለው ዓምድ 100% ላይ ተቸንክሯል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ቪዲዮ ላይ ያየውን አሥር ነገር በአንድ ጊዜ ያጠፋል፣ የትኛው እንደረዳው ሳያውቅ ይቀራል። ወይም ቀጥታ «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ ይወስደዋል። ዲስኩ ራሱ የታመመ ከሆነ ፎርማት አያድነውም። የልጆቹ ፎቶ ግን አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚከተለውን በተራው ሥሩ። አንድ ነገር ለውጡ፣ ቁጥሩን እዩ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጓችሁ፦

- ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አትጻፉ።
- ሁለት ሰዓት ያህል ነፃ ጊዜ። ከደረጃዎቹ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።
- ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ወይም በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ።
- የአድሚኒስትሬተር አካውንት። ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያዋቀረው ሰው አካውንት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት በሚያስቸግርበት ሰዓት አትጀምሩ። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ፋይሎች ይበላሻሉ፣ የምትፈልጉትም ችግር ሌላ ችግር ይጨመርበታል።

ከሁሉ በፊት ፋይሎቻችሁን አውጡ። ዊንዶውስንና ፕሮግራሞችን አይደለም፤ የእናንተን ሥራና ፎቶ ብቻ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ እና ዳውንሎድስ የሚባሉትን ፎልደሮች ቅዱ። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ካለ አትርሱት፤ በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ያወረዳችሁት ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የማይተካውን ቅዱ፦ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ሰነድ። ፊልምና ዘፈን በኋላ ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ፎልደር በፎልደር ውሰዱ።

ቅጂው አንድ ፋይል ላይ ተጣብቆ ከቀረ «ስኪፕ» በሉትና ቀጥሉ፣ የፋይሉን ስም ጻፉት። ያንኑ ፋይል ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ዲስኩ የማይነበብ ቦታ ላይ ደርሶ ከሆነ መደጋገሙ ይጎዳዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውስጥ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ እዚሁ አቁሙ። ኮምፒውተሩን ዝጉት። መልሳችሁ አታብሩት። ውስጡ ያለው ነገር ዋጋ ካለው ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ውሰዱት። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ለእንዲህ ያለ ዲስክ አይሆኑም።

ደረጃ 1፦ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ

ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ምንም ፕሮግራም ሳትከፍቱ 30 ደቂቃ ተዉት። እንቅልፍ እንዳይወስደው የስሊፕ ሰዓቱን አራዝሙት።

ለሁለትና ሦስት ሳምንት ተዘግቶ የቆየ ኮምፒውተር ሲበራ አፕዴት ይፈልጋል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፣ ፋይሎችን ይመዘግባል። ይህ ጤነኛ ሥራ ነው። በቅርቡ ትልቅ አፕዴት ከገባለት፣ ወይም ብዙ ፎቶ ከስልክ ካዛወራችሁበት ደግሞ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወርዶ ከ10% በታች ከዋለ ችግር የለባችሁም። 100% ላይ ከቀረ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ታስክ ማናጀርን በትክክል አንብቡ

1. ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ተጫኑ።
2. ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ክሊክ አድርጉ።
3. «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ግቡ። በግራ በኩል «ዲስክ 0» የሚለውን ምረጡ። ሁለት ዲስክ ካላችሁ በቅንፍ «ሲ» የሚል ያለበትን ውሰዱ።
4. አራት ነገር ጻፉ፦ ዓይነቱ ኤች ዲ ዲ (የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ) ነው ወይስ ኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ)? «አክቲቭ ታይም» ስንት ነው? «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» ስንት ሚሊሰከንድ ነው? የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ ስንት ነው?

ቁጥሮቹ ይዘላሉ። ለሁለት ደቂቃ እያያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙበትን ጻፉ።

100% ማለት ዲስኩ ብዙ ዳታ እያስተላለፈ ነው ማለት አይደለም። ጊዜው ሁሉ ተይዟል ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛን አስቡ። አንድ ፋይል ከላይኛው መደርደሪያ ያወጣል፣ ይመለሳል፣ ሌላውን ከጓዳ ያመጣል፣ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ይውላል፣ እናንተ እጅ የገባው ግን ሦስት ወረቀት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። ማንበቢያ ክንዱ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘል ጊዜ ይበላል። ለዚህ ነው በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳ እያነበበ 100% የሚያሳየው።

አሁን የጻፋችሁትን ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር አስተያዩ፦

ሀ. አክቲቭ ታይም 100%፣ ፍጥነቱ በሰከንድ አሥር ሜጋባይትና ከዚያ በላይ። አንድ ፕሮግራም እውነተኛ ሥራ እየሠራ ነው። ማን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታገኛላችሁ።

ለ. አክቲቭ ታይም 100%፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ሪስፖንስ ታይሙ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ፣ አልፎ አልፎም መቶ ምናምን። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ዲስኩን እያዋከበው ነው፣ ወይም ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አንሷል። ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለው ለእናንተ ነው።

ሐ. አክቲቭ ታይም 100%፣ ፍጥነቱ ዜሮ አካባቢ፣ ሪስፖንስ ታይሙ ግን በተደጋጋሚ ከ500 ወይም ከ1000 ሚሊሰከንድ በላይ። 1000 ሚሊሰከንድ አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ አንድ ተራ ጥያቄ ለመመለስ ከ5 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ይህ የዲስክ፣ የኬብል ወይም የድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ችግር ምልክት ነው።

የትኛውም ይሁን የእናንተ፣ ደረጃ 3ን አትዝለሉ።

ደረጃ 3፦ የዲስኩን ጤና መርምሩ

ሃርድ ዲስክ ስለ ራሱ ጤና መዝገብ ይይዛል። ስማርት ይባላል። እሱን የሚያሳይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከራሱ ዌብሳይት አውርዱት፤ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከሰው ፍላሽ አትውሰዱ።

1. ፕሮግራሙን ክፈቱ። በግራ በኩል ትልቅ ባለቀለም ሳጥን ታያላችሁ። ሰማያዊ ደህና ነው። ቢጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀይ መጥፎ ነው።
2. ከታች ባለው ዝርዝር 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። ኤስ ኤስ ዲ ከሆነ ዝርዝሩ ይለያል፣ ቀለሙን ብቻ እዩ።
3. «ሮው ቫሊዩስ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለውን አንብቡ። ቁጥሩ ፊደል ከተቀላቀለበት ደንግጣችሁ አትዝጉት። «ፈንክሽን»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ከዚያ «ሮው ቫሊዩስ» ውስጥ ገብታችሁ 10 የሚለውን ስትመርጡ ተራ ቁጥር ይሆናል።

ትርጉሙ፦

- 05፦ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች። ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልጨመረ ይቆያል። በየሳምንቱ ከጨመረ ዲስኩ እየሄደ ነው።
- ሲ5፦ ለማንበብ ያስቸገሩ፣ ገና ውሳኔ ያላገኙ ቦታዎች። ዲስኩ እዚያ ሲደርስ ደጋግሞ ይሞክራል። ኮምፒውተሩ ስታክ የሚያደርገው ያኔ ነው።
- ሲ6፦ ጨርሶ ያልተነበቡ።
- ሲ7፦ በመንገድ ላይ የተበላሸ ዳታ። ይህ ብቻውን ከጨመረ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኬብሉ ነው። ደረጃ 8ን እዩ።

ሲ5 ወይም ሲ6 ከዜሮ በላይ ከሆነ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ፋይል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን ማሰባሰብ) አታድርጉ። ፎርማት አታድርጉ። ሙሉ የዲስክ ምርመራም አታስጀምሩ። እነዚህ ሁሉ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጡታል፤ የደከመ ዲስክ ደግሞ በዚያ ሩጫ መሐል ሊቆም ይችላል።

ይህን የማስጠነቅቀው ስላየሁት ነው። የእህቴ ላፕቶፕ ለሦስት ወር «ቫይረስ ነው» ሲባል ቆየ። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ወደ እኔ ሲመጣ ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱ ዜሮ፣ ሪስፖንስ ታይሙ 3400 ሚሊሰከንድ ነበር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ስከፍት ሳጥኑ ቢጫ ነው። ሲ5 ላይ 184 ይላል። ሌላ ምንም ሳንነካ የቀሩትን ፎቶዎች ማውጣት ጀመርን። አሥራ ሁለት ጊጋባይት ለመቅዳት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ፈጀ። አራት ፎቶ ብቻ አልነበብ አለ። በማግሥቱ ላፕቶፑ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም። በእነዚያ ሁለት ፎርማቶች የጠፋውን ግን ማንም አልመለሰውም።

ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ ምልክታችሁ «ሐ» ከሆነ አንድ ቦታ ጨምራችሁ እዩ። ሰርች ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብላችሁ ክፈቱ። «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም» ውስጥ ግቡ። ምንጩ «ዲስክ» የሆነ፣ ቁጥሩ 7 ወይም 153 የሆነ መልእክት ፈልጉ። 7 የተበላሸ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። 153 ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቶ ተደገመ ማለት ነው። ቁጥር 129 ከሆነ ደግሞ ዲስኩ መልስ ስለዘገየበት ግንኙነቱ እንደገና ተጀምሯል። አንድ ሁለት ቢኖር አያስጨንቅም። በየቀኑ በደርዘን ከሆነ ዲስኩን አትመኑት፣ ሰማያዊም ቢያሳይ።

ደረጃ 4፦ ዲስኩን የያዘው ማን ነው?

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ አሁን ተጠያቂውን እንፈልግ። ታስክ ማናጀር የፕሮግራሙን ስም ብቻ ይነግራችኋል። እኛ የሚነካውን ፋይልም እንፈልጋለን።

1. ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ላይ ሁኑ። «ኦፕን ሪሶርስ ሞኒተር» የሚለውን ክሊክ አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከታች ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ከላይ በቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ታገኙታላችሁ።
2. «ዲስክ» የሚለውን ታብ ክፈቱ።
3. «ዲስክ አክቲቪቲ» የሚለውን ዘርጉ። «ቶታል» የሚለውን የዓምድ ራስ ክሊክ አድርጉ፤ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል።
4. ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ከላይ ደጋግመው የሚመጡትን ሦስት የፋይል አድራሻዎች ጻፉ።

አድራሻው ውስጥ ያለው ቃል ተጠያቂውን ያጋልጣል፦

- «ፔጅፋይል» ካለ ራም አንሷል። ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።
- «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» ካለ የዊንዶውስ አፕዴት ነው።
- «ሰርች» እና «ዊንዶውስ» በሚሉ ቃላት የሚጠራ የዳታቤዝ ፋይል ከሆነ የፋይል መመዝገቢያው ነው።
- «ክሮም»፣ «ኤጅ» ወይም «ፋየርፎክስ» ካለ ብራውዘር ነው።
- «ዋን ድራይቭ» ወይም «ጉግል ድራይቭ» ካለ ፋይል ወደ ኢንተርኔት እያወጣ ወይም እያወረደ ነው።
- «ቴምፕ» ወይም «አፕ ዳታ» ውስጥ ሆኖ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ከሆነ ጠርጥሩ።

«ሲስተም» የሚለው ስም ከላይ ቢገኝ ቫይረስ ነው ብላችሁ «ኤንድ ታስክ» አትበሉት። ዊንዶውስ ራሱ ነው። የሚነካውን ፋይል አይታችሁ ፍረዱ።

ደረጃ 5፦ በተጠያቂው ላይ እርምጃ ውሰዱ

ያገኛችሁትን ብቻ ሥሩ። ሌላውን አትንኩ።

አፕዴት ከሆነ

እስኪጨርስ ተዉት። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ሌሊት ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተዉትና ጠዋት እዩት። የሞባይል ዳታ እያጋራችሁ የምትሠሩ ከሆነ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ ያኔ በፓኬጃችሁ ላይ እንደልቡ አያወርድም። ጊዜ ከሌላችሁ ሴቲንግስ፣ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ ከዚያ «ፖዝ» በማድረግ ለሳምንት ማቆየት ትችላላችሁ።

በየቀኑ ጀምሮ በየቀኑ የሚከሽፍ አፕዴት ከሆነ ቦታ ጠቦት ሊሆን ይችላል። ደረጃ 7ን ሥሩና ተመለሱ።

የፋይል መመዝገቢያው ከሆነ

ሰርች ላይ «ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ» ብላችሁ ክፈቱ። ከላይ ያለው የፋይል ቁጥር እየጨመረ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ጠብቁት። ለሁለት ቀን ያው ቁጥር ላይ ከቆመ ግን ተጣብቋል። «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ሪቢልድ» በሉት። መመዝገቡን ከባዶ ስለሚጀምር ያን ቀን ዲስኩ የባሰ ይጨናነቃል። ማታ ሥሩት።

ሲስሜይን ከሆነ

ድሮ ሱፐርፌች ይባል ነበር። አዘውትራችሁ የምትከፍቱትን ፕሮግራም አስቀድሞ ራም ላይ ያዘጋጃል። ራሙ ትንሽ በሆነና ሃርድ ዲስኩ በሚሽከረከር ኮምፒውተር ላይ አንዳንዴ ከጥቅሙ ሸክሙ ይበዛል። ሰርች ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱ፣ «ሲስሜይን» ላይ ራይት ክሊክ፣ «ስቶፕ»። አሥር ደቂቃ ቁጥሩን እዩ። ከወረደ «ፕሮፐርቲስ» ገብታችሁ «ዲስኤብልድ» አድርጉት። ካልወረደ መልሳችሁ «ስታርት» በሉት። ብዙ ሰው ይህን ያጠፋና ምንም ሳይለወጥ እንደጠፋ ይተወዋል።

አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሲኪዩተብል ከሆነ

የዊንዶውስ ዲፌንደር ነው። አታጥፉት። ቅኝቱን ይጨርስ። ሌላ አንቲቫይረስ ካስገባችሁ ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያቆማል፤ ሁለቱ አብረው ሲፈትሹ ካያችሁ ግን ያስገባችሁትን በደንቡ አራግፉት።

ብራውዘር ከሆነ

ታቦቹን ቁጠሩ። 40 ታብ ከፍቶ 4 ጊጋባይት ራም ላይ መሥራት ኮምፒውተሩን ያለ አቅሙ መጫን ነው። የማትጠቀሙባቸውን ዝጉ፣ የማታውቋቸውን ኤክስቴንሽኖች አስወግዱ።

የማታውቁት ስም ከሆነ

በየፎቶ ቤቱና በየኢንተርኔት ካፌው የሚዞር ፍላሽ፣ ከክራክ ጋር የመጣ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስን «አክቲቬት» የሚያደርግ ፋይል፤ አብዛኛው መዘዝ በእነዚህ በኩል ይገባል።

1. ክፍት ሥራችሁን ሁሉ ሴቭ አድርጉ።
2. «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ግቡ።
3. «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን መርጣችሁ አስጀምሩት። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ በቀርፋፋ ዲስክ ይረዝማል።
4. ሲመለስ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ የተገኘውን እዩ።

ዲፌንደር አልከፈት ካለ ወይም ራሱን በራሱ እየዘጋ ከሆነ ቫይረሱ ሥር ሰድዷል። ፎርማት ማድረግ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው፤ እሱም ፋይላችሁ ወጥቶ፣ ደረጃ 3 ሰማያዊ ከሆነ ብቻ። ያወጣችሁትንም ፍላሽ መልሳችሁ ከመጠቀማችሁ በፊት አስፈትሹ።

በመጨረሻም፣ ማንም ተጠያቂ ቢሆን፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡት እዚያ ተዘርዝረዋል። የማትፈልጉትን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲስኤብል» በሉ። የድምፅ፣ የታችፓድና የአንቲቫይረስ የሆነውን ተዉ።

ደረጃ 6፦ ራሙን ፈትሹ

እንደወትሯችሁ ብራውዘርና ወርድ ከፍታችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሜሞሪ»ን እዩ። ከ85% በላይ እየዋለ ከሆነ ዊንዶውስ የሞላበትን ወደ ዲስኩ እየገለበጠ ነው። ያ ነው «ፔጅፋይል» ሆኖ ያያችሁት።

መፍትሔው ራም መጨመር ነው። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ገጽ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን አንብቡ። 1 ከ2 ካለ ባዶ ቦታ አላችሁ። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነውና የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ነባሩን አስወጥታችሁ ይዛችሁት ብትሄዱ ከስህተት ትድናላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፔጅፋይሉን አጥፉት» የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ራም ያነሰው ኮምፒውተር ላይ ይህን ካደረጋችሁ ፕሮግራሞች ሥራችሁን ይዘው ይዘጋሉ። አትንኩት።

ደረጃ 7፦ ቦታ አስለቅቁ፣ ፋይል ሲስተሙን አስፈትሹ

«ሲ» ላይ ቢያንስ ከ15 እስከ 20% ባዶ ይሁን።

1. ሴቲንግስ፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ግቡ።
2. ዝርዝሩን አንድ በአንድ አንብቡ። «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን እዚያው መሐል አለ። ምልክት እንዳይኖርበት! እሱን መርጦ «ሪሙቭ» ያለ ሰው የወረዱለትን ሰነዶች ሁሉ በአንድ ክሊክ ያጣል።
3. የቀረውን አጽዱ።

ከዚያ፣ ደረጃ 3 ሰማያዊ ከሆነ ብቻ፣ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ሲ» ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ» በሉ። ስህተት አገኘሁ ካለ እንዲያስተካክል ፍቀዱለት። ሪስታርት አድርጎ መሥራት ሊጀምር ይችላል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ቢቆምም ፓወሩን ተጭናችሁ አታጥፉት። ማታ የሚሠራው ደረጃ ይህ ነው።

እዚያው «ቱልስ» ውስጥ ያለው «ኦፕቲማይዝ» ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይጠቅማል። ለኤስ ኤስ ዲ ዊንዶውስ የሚበጀውን ራሱ ያውቃል፤ የሌላ ድርጅት የዲፍራግ ፕሮግራም አምጥታችሁ አታስሩት፣ ዕድሜውን ታሳጥራላችሁ።

ደረጃ 8፦ ኬብልና ድራይቨር

ዴስክቶፕ ከሆነ አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ዲስኩን ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኘውን ሳታ የሚባል ኬብል በሌላ ቀይሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሰኩት። የሲ7 ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም። መጨመሩን ካቆመ ተስተካክሏል።

የሳታ ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ዌብሳይት በሞዴላችሁ ስም ፈልጋችሁ አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ አድሳለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች ተዉአቸው።

ደረጃ 9፦ ወደ ኤስ ኤስ ዲ መቀየር

ሁሉንም ሠርታችሁ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ፣ አሁንም ምልክታችሁ «ለ» ከሆነ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ገደማ የተበታተኑ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ተራ የሳታ ኤስ ኤስ ዲ በአሥር ሺዎች ይመልሳል። የዛሬው ዊንዶውስና ብራውዘር የሚጠይቀው ብዛት ለመጀመሪያው ከአቅም በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ከራም በፊት ኤስ ኤስ ዲ እላለሁ። ዲስኩ በደረጃ 3 ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ደግሞ ምርጫም የላችሁም።

1. ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስ ኤስ ዲ ይሆነዋል። ለዊንዶውስና ለዕለት ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። በጣም ረክሶ «2 ቴራ» የሚል ካያችሁ ራቁ፤ መጠኑን የሚዋሽ ሐሰተኛ ዕቃ ገበያ ላይ አለ።
2. ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆኑን እዩ። ከሆነ መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ቢትሎከሩን አጥፉት።
3. ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብል ግዙና ኤስ ኤስ ዲውን ሰኩት።
4. የክሎን ፕሮግራም (አንዱን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላው የሚገለብጥ) ክፈቱ። ኤስ ኤስ ዲው የአምራቹ የራሱ ፕሮግራም ካለው እሱን ተጠቀሙ።
5. ምንጩና መድረሻው የትኛው እንደሆነ በመጠናቸው ለዩ። ለምሳሌ 500 የሚለው አሮጌው፣ 240 የሚለው አዲሱ። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። እዚህ ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በፋይላችሁ ላይ ይገለበጣል፣ መመለሻም የለውም።
6. «ሲ»ን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ክሎን አድርጉ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ክፍል ከ«ሲ» ውጭ ነው።
7. ሲጨርስ ዝጉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ፓወሩን 10 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ዲስኮቹን ቀያይሩ።
8. ኤስ ኤስ ዲው ብቻውን ሆኖ አብሩ።

አልነሣ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። መግቢያ ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ነው። ኤስ ኤስ ዲው በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በደንብ አልገባም። ካለ የማስነሻ ተራውን ወደ መጀመሪያ አምጡት። ይህም ካልሆነ አሮጌውን መልሳችሁ ክሎኑን ድገሙ። የተበላሸ ነገር የለም።

አሮጌው ዲስክ ቢጫ ከነበረ ክሎን አይሞከርም። ዊንዶውስን በኤስ ኤስ ዲው ላይ አዲስ ጫኑና ያወጣችኋቸውን ፋይሎች መልሱ። ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት የሚሰጠው መደበኛ ነፃ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ በዚሁ አጋጣሚ 11ን ጫኑ።

ከተነሣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ደረጃ 2ን ድገሙ፣ አራቱንም ቁጥሮች ከመጀመሪያዎቹ ጎን ጻፉ። አሮጌውን ዲስክ ለሁለት ሳምንት ሳትነኩት አስቀምጡ። የረሳችሁት ፋይል እንዳለ የምታውቁት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ መያዣ አድርጋችሁ ለባክአፕ ተጠቀሙበት። ቢጫ ወይም ቀይ ከነበረ ምንም አታስቀምጡበት፤ የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ የነበረበት ነውና ለቆራሌውም አትስጡት።